«ሙት» የተባለው ነገር ሞቷልን?

በ2015 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር የዓባይን በረሓ ተሻግረን ደብረ ማርቆስ በገባን በማግሥቱ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን ጋራ ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ አንድ ሸምገል ያሉ ባላገር እጅ ነሥተው ገቡ። በትራቸውን ከደጃፉ አስደግፈው፣ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቆሙ። የመጡት ከጎዛምን ወረዳ ነው። ወደዚያ ደጅ ሲመላለሱ ያ ቀን የመጀመሪያቸው እንዳልነበረ ዘበኛው በስማቸው ሲጠራቸው ተረድተናል።

ነገራቸው እንዲህ ነው። በ2012 ዓ.ም. በበጋው ወራት አንድ የገጠር መንገድ በማሳቸው ላይ እንዲያልፍ ታቅዶ ቀያሾች መጡ፤ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካልም ከዳር እስከ ዳር ተከሉ። «ካሳው ተገምቶ እስኪከፈልዎ ድረስ በችካሉ መካከል እንዳያርሱ» ተባሉ። ሽማግሌው ትእዛዝ አክባሪ ናቸውና ስንዴ ይዘሩበት የነበረውን መሬት ያን ክረምትና የሚቀጥለውን ክረምት ጦም አሳደሩት። በሦስተኛው ዓመት የመንገዱ አቅጣጫ ተለውጦ በሌላ መንደር በኩል አለፈ፤ ችካሉም ተነቀለ። እርሳቸውም «ማሳዬስ ተመልሶልኛል፤ የሁለት ክረምት እህሌሳ?» ብለው አመለከቱ። ማመልከቻው የመንገዱን ሥራ ወደሚቆጣጠሩት አማካሪ መሐንዲሶች ተላከ፤ መልሱም ከወራት በኋላ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መጣ። ከገጹ ሁሉ ፍሬ ነገሩ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይገኛል፤ እርሷም የካሳው ጥያቄ አሁን «ሙት» መሆኑን ትገልጻለች።

ጓደኛችን ደብዳቤውን እያነበበ ሲተረጉምላቸው ከዚህች ቃል ላይ በደረሰ ጊዜ ቆም አለና፣ ቃሏ የእንግሊዝኛ መሆኗን ዘንግቶ «ጉዳይዎ ሙት ነው ይላል» አላቸው።

«ማነው የሞተው ልጄ?» አሉ ሽማግሌው ደንገጥ ብለው።

«የሞተስ የለም አባቴ። የፈረንጅ ቃል ነው።»

«የፈረንጁ ቃልስ ምን ማለት ነው?»

ጓደኛችን ከጠረጴዛው ላይ ያለውን መዝገበ ቃላት ገለጠና «አከራካሪ ማለት ነው፤ ገና ያልተቈረጠ፣ በሁለት ወገን ክርክር ያለበት ነገር» አለ። ሽማግሌው ፊታቸው ፈካ። ይህን ጊዜ ከማዶው ጠረጴዛ የተቀመጡት አለቃው፣ ውጭ አገር ተምረው የመጡ ሰው ናቸው፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ «የለም፤ ያለቀለት፣ ቢወስኑትም ፋይዳ የሌለው ማለት ነው። ፋይሉን ዝጋው» አሉ። ሽማግሌው ከአንዱ ወደ አንዱ ሲመለከቱ ቈዩና እንዲህ አሉ፤ «በአንድ ቃል አንዳችሁ አለ አላችሁኝ፤ አንዳችሁ ሞተ አላችሁኝ። እኔ የትኛውን ይዤ አገሬ ልግባ?»

በዚህ ጽሑፍ ልናወጣና ልናወርድ ያሰብነው ይህንኑ የሽማግሌውን ጥያቄ ነው። ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ መስሎ የሚታየው ወጣት ባለሥልጣን ቢኖር፣ አንዱ ትርጕም ፋይሉን እንደሚከፍተውና ሌላው እንደሚዘጋው፣ በመካከሉም የሁለት ዓመት ስንዴ እንዳለ ልናሳስበው እንወዳለን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት እንናገር። ከሁሉ የሚያስገርመው ሁለቱም ተርጓሚዎች ትክክል መሆናቸው ነው። «ሙት» በጥንታዊው እንግሊዝኛ ሸንጎ ማለት ነበር። የአንድ አውራጃ ሰዎች ተሰብስበው ነገር የሚሰሙበት፣ የሚመክሩበትና የሚፈርዱበት ጉባኤ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ኋላም በለንደን ከተማ የሕግ ተማሪዎች በሚያድሩባቸውና በሚማሩባቸው ማኅበሮች ውስጥ፣ ለልምምድ ተብሎ የተፈጠረ ነገር ቀርቦ ተማሪዎቹ በታላላቆቻቸው ፊት ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው እንዲሟገቱ ይደረግ ነበርና፣ ልምምዱ በዚያው በሸንጎው ስም ተጠራ። በእኛ አገር የሕግ ትምህርት ቤቶች «ምስለ ችሎት» የምንለው የዚህ ልጅ ነው። እንግዲህ ወደ ሸንጎ ሊቀርብ የሚገባው፣ ለሁለቱም ወገን የሚነገር ቃል ያለው ነገር «ሙት» ተባለ። እንግሊዞች እስከ ዛሬ ድረስ በአብዛኛው የሚይዙት ይህን ትርጕም ነው፤ ግስ ሲያደርጉትም አንድን ሐሳብ አንሥቶ ለውይይት ማቅረብ ማለት ይሆናል።

አሜሪካኖች ግን ከዚያው ከምስለ ችሎቱ ሌላ ነገር ቀሰሙ። በምስለ ችሎት የተፈረደ ፍርድ ማንንም አይገዛም፤ ርስት አያስነሣም፣ ዕዳ አያስከፍልም። ስለዚህ ቢፈረድበትም ባይፈረድበትም በተሟጋቾቹ ኑሮ ላይ ለውጥ የማያመጣውን ጉዳይ ሕግ ዐዋቂዎቻቸው «ሙት» አሉት። በዚህም ምክንያት አንዱ ቃል በለንደን «ገና ክፍት ነው» ሲል በዋሽንግተን «መክፈቱ አይጠቅምም» ይላል። (ባለቤቶቹ ራሳቸው ይስቱታል፤ ብዙዎቹ «ሚውት» እያሉ ከድዳው ጋራ ሲያደባልቁት ሰምተናል። እኛ ብንሳሳት አያስደንቅም።)

ቅኔ ቤት የዋለ ሰው በዚህ አይደናገርም። ዋሸራንና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ አድባራት ባሉበት በጎጃም ምድር፣ አንድን ቃል ሁለት ነገር ማሸከም ኅብር ይባላል፤ ተማሪውም ሁለቱን ፍቺ በመምህሩ ፊት አምጥቶ ማስረዳት ይጠበቅበታል እንጂ የቀናውን ይዞ ሌላውን መጣል አይፈቀድለትም። ልዩነቱ የቅኔው ኅብር ታስቦበት የተሠራ መሆኑ ነው። የመሐንዲሱ «ሙት» ግን ሳይታሰብበት የተጻፈ ነው፤ የሚከፍለውም ሌላ ሰው ነው።

ወደ አማርኛችን እንመለስ። ለዚህ ዓይነት ነገር ቃል አላጣንም፤ እንዲያውም በዝቶልናል። አከራካሪ፣ አጠያያቂ፣ አነጋጋሪ፣ አወዛጋቢ፣ አጨቃጫቂ እንላለን። ጋዜጦቻችንና ቃለ ጉባኤዎቻችን እነዚህን ሁሉ እንደ አንድ ይጠቀሙባቸዋል፤ ነገር ግን አንድ አይደሉም። ማስረጃና ማስረጃ የሚጋጠምበት፣ መጨረሻውም ውሳኔ የሆነ ነገር አከራካሪ ነው። አጠያያቂ ሲባል ግን ጥርጣሬ አለበት፤ «አያጠያይቅም» ስንል እርግጥ ነው ማለታችን መሆኑን ልብ ይሏል። አነጋጋሪ የሆነ ነገር ሰውን ያናግራል እንጂ ውሳኔ አይጠብቅም፤ የሙሽራ ልብስም አነጋጋሪ ሊሆን ይችላል። አጨቃጫቂውን ሁላችንም በየቤታችን እናውቀዋለን።

በእነዚህ ቃላት ሁሉ አንድ የሚያስተውሉት ነገር አለ። አማርኛው አድራጊ የሚያደርገው ነገሩን ነው። አከራካሪ ጉዳይ ማለት ሰዎችን ወደ ክርክር የሚያገባ ጉዳይ ማለት ነው፤ ሥራ አለበት፣ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በዚህ አነጋገር ሲታይ «አከራካሪ ነው» ተብሎ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ፋይል ሊኖር ባልተገባው ነበር። ዳሩ ግን አለ። ቃለ ጉባኤ የጻፈ ሁሉ «ነጥቡ አከራካሪ ሆኖ ስለ ተገኘ በይደር ተይዟል» የምትለውን ዐረፍተ ነገር በቃሉ ያውቃታል። እኛም ገና ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ወረቀት መያዝ በጀመርንበት ዓመት ስንት ጊዜ እንደ ጻፍናት ስናስብ እናፍራለን። በይደር ማለት ለአንድ ሌሊት ማሳደር ነበር። ጧት ሲነጋ የሚከራከር ካልተጠራ ግን፣ ያደረው ነገር ማለዳ የማይነሣ ይሆናል። እንግሊዞቹን ቃል በአሜሪካኖቹ ትርጕም የምንፈጽመው እንዲህ አድርገን ነው፤ አከራካሪ ብለን እንጀምራለን፣ ሬሳ አድርገን እንጨርሳለን።

ለጎጃም ሰው ይህ ባዕድ ጠባይ ነው። የቀድሞው ሙግት በዚያ አገር የአደባባይ ነገር ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ተቆራኝተው ከዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ በላ ልበልሃ ይባባላሉ፤ ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ እያሉ ይወራረዳሉ፤ ያለፈ አገደመው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። አነጋገር ዐዋቂ የሆነ ሰው እንደ ጀግና ይከበር ነበር። ብዙ ጕድለት እንደ ነበረበት አንክድም፤ አፈኛው ከእውነተኛው የሚረታበት ቀን ጥቂት አልነበረም፤ ሙግት ሀብቱን የጨረሰበት ሰውም ነበረ። ነገር ግን «አከራካሪ ስለ ሆነ ክርክሩ ይቅር» የሚል ዳኛ ቢገኝ ሕዝቡ እንደ እብድ ይቆጥረው ነበር።

የሚበዛው ሙግት ስለ ርስት ነበር። ርስት በዚያ አገር በአባትም በእናትም በኩል ከአቅኚው አባት የሚቆጠር ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው በብዙ መንደር የብዙ አቅኚ አባቶች ልጅ ሆኖ ይገኛል፤ ቆጥሮ የደረሰበትን መሬት ሁሉ ግን ሊይዝ አይችልም። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ሊቅ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን አጥንቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፉም የርስት ይገባኛል ባዩ ሁልጊዜ ከመሬቱ እንደሚበልጥና የአንድ ሰው ይዞታም በትውልዱ ብቻ ሳይሆን በተሟጋችነቱና በተሰሚነቱ ጭምር እንደሚወሰን አሳይቷል። እንግዲህ በጎጃም መሬት ማለት በለንደኑ ትርጕም ሁልጊዜ «ሙት» ነበር፤ ማለትም ሁልጊዜ ክርክር ያለበት። ያልተቈረጠ በመሆኑም ድኻው ተስፋ ነበረው፤ ዛሬ የተነጠቀው በልጁ ዘመን ቆጥሮ ሊመለስ ይችላልና።

የመንግሥት ሰዎች ይህን አላስተዋሉም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ ጎጃምን ከትግሬና ከበጌምድር ጋራ ለይቶ እንደ ቀድሞው ልማድ እንዲከፍል ማድረጉ መሬት መለካት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበር ያሳያል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ጥያቄው ተመልሶ መጣ። ሹማምንቱ «ግብሩ በገቢ ላይ እንጂ በመሬት ላይ አይደለም» አሉ። ባላገሩ ደግሞ «ገቢዬን ለማወቅ ማሳዬን መለካት አለባችሁ፤ ከተለካ ቀላድ ይሆናል፤ ቀላድ ከሆነ ርስቴ ምን ይሆናል?» አለ። ማንኛውም የሕግ ተማሪ ይህን ሲሰማ ሁለት ወገን ያለው፣ ሸንጎ የሚገባው ነገር መሆኑን ይረዳል። ሸንጎ ግን አልቀረበም። አዋጅ ወጥቷልና ያለቀለት ነገር ነው ተባለ። ሞጣና ቢቸና፣ ዳሞትም ሸፈቱ፤ ጦር ተላከ፤ ሰው አለቀ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቍ ሥላሴ ከጎጃም ተነሡ፤ ግብሩን የማስከፈሉም ነገር ተተወ። ባላገሩን ስለ ግብሩ ትክክለኛነት ማን እንደ ረታው እስከ ዛሬ የተፈረደ ፍርድ የለም። በመሣሪያ የተጀመረው በሹመት ሽረት አለቀ እንጂ፣ ጥያቄው እንደ ተነሣ ቀረ።

ጥያቄው የሞተው በሌላ መንገድ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በአዋጅ ቁጥር 31 ሲነገር፣ አንድ ቤተ ሰብ ከ10 ሄክታር በላይ እንዳይዝ፣ መሬትም እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ተደረገ። ያን ጊዜ በየችሎቱ አሥርና ሃያ ዓመት ያስቆጠረ የርስት ሙግት የነበረው ሰው ሁሉ አንድ ማለዳ ተነሥቶ ከአቅኚው አባት እስከ እርሱ ያሉትን ትውልዶች መቍጠር ዋጋ የሌለው ሆኖ አገኘው። ረታሁ የሚል የለም፤ ተረታሁ የሚልም የለም። መሬቱ ከክርክሩ ሥር ተነሣ። የአሜሪካኖቹ «ሙት» በአገራችን እንዲህ ባለ ስፋት የታየበት ሌላ ቀን አናውቅም። ይህን ስንል ለብዙው ጭሰኛ ያ ቀን የልደት ቀን መሆኑን ረስተን አይደለም፤ በጎጃም ግን ባለርስቱ ራሱ ባላገር ነበርና ደስታውና ግራ መጋባቱ አንድ ላይ ነበሩ።

ደግሞስ ሞተ የተባለው በእውነት ሞቶ ነበርን? በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል መሬት እንደ ገና ሲደለደል «ማን ይዞ ነበር፣ በምን ያዘው?» የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ መጣ። «ቢሮክራት» የሚል ስም ተሰጥቷቸው ይዞታቸው የተቀነሰባቸው ገበሬዎች አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ ድረስ መጥተው ነበር። ኋላም በክልሉ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መስጠት ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቦታዎች አንዱ ያው የጎዛምን ወረዳ ሆነ። ያን ዕለት የመጡት ሽማግሌ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው በብብታቸው ይዘው ነበር።

በጥያቄዎች ላይ የሞት ፍርድ ስለሚፈርዱት አሜሪካኖች አንድ ነገር እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ1974 ማርኮ ዴፉኒስ የተባለ ተማሪ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በዘሬ ምክንያት አልተቀበለኝም ሲል ያቀረበው ክስ ከጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ደረሰ። ነገሩ ሲጓተት ልጁ በታችኛው ፍርድ ቤት ትእዛዝ ገብቶ እየተማረ ሊመረቅ ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር። ዳኞቹ አምስት ለአራት ተከፍለው፣ ብንፈርድለትም ብንፈርድበትም መመረቁ አይቀርም፣ ስለዚህ ጉዳዩ «ሙት» ነው ብለው ሳይፈርዱ መለሱት። በሐሳብ የተለዩት ዳኞች ግን ይህ ጥያቄ አይጠፋም፣ ተመልሶ ይመጣል ብለው ጻፉ። አራት ዓመት ሳይሞላ በሌላ ተማሪ ስም ተመልሶ መጣ።

ወደ ራሳችን ዘመን ብንመለከት፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት ነሐሴ 23 ቀን ሊደረግ ታስቦ የነበረው ምርጫ በተላለፈ ጊዜ «የምክር ቤቶች የሥራ ዘመን ሊራዘም ይችላልን?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ያን ጊዜ አንድ መልካም ነገር አይተናል፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሕግ ምሁራንን ጠርቶ ሲከራከሩ ሕዝቡ በቴሌቪዥን ሰማ። ብዙ ተማሪዎች ሕገ መንግሥቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበቡት በዚያ ሳምንት ይመስለናል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ወሰነ፤ ምርጫው ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ተደረገ። ከዚያ ወዲህ የሥራ ዘመኑ ጥያቄ በዋሽንግተኑ ትርጕም የሞተ ነው፤ በለንደኑ ትርጕም ግን የሕግ ተማሪዎች ዛሬም ሊሟገቱበት የሚገባ ነው። ሌላ በሽታ፣ ሌላ መዓት አይመጣም ብሎ ዋስ የሚሆን ማን ነው?

በ2014 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አገራዊ ምክክር ኮሚሽን ሲቋቋም «ክርክር» ሳይሆን «ምክክር» የሚል ስም መመረጡንም በዚህ አጋጣሚ እናስታውሳለን። ምክክር ለስላሳ ቃል ነው፤ በመሠረታዊ አገራዊ ጉዳዮች ላይ የተለያዩትን ለማቀራረብ ተብሎ የተመረጠ ስለ መሆኑ አንጠራጠርም። ሆኖም ተማካሪዎች ከመስማማታቸው በፊት ልዩነታቸውን ፊት ለፊት ማስቀመጥ ይኖርባቸዋል፤ ይህም ክርክር ነው፣ ስሙን ብንለውጠውም። «አጀንዳ ማሰባሰብ» የሚባለውን ሥራ እንግሊዞች በዚያችው ቃል ሊጠሩት ይችሉ ነበር፤ ነገርን አንሥቶ ለሸንጎ ማቅረብ ነውና።

አሁን ከደብረ ማርቆሱ ቢሮ ያቆምናቸውን ሽማግሌ አንርሳቸው።

መሐንዲሶቹ ቃሉን የጻፉት በአሜሪካኖቹ ትርጕም እንደ ሆነ ከደብዳቤው አካሄድ ይታያል። መንገዱ በማሳው ላይ አላለፈም፤ መሬቱ አልተወሰደም፤ ስለዚህ ስለ መሬቱ የሚከፈል ካሳ ጥያቄው ቀርቷል ማለታቸው ነው። አለቃው ቃሉን በትክክል ተረድተውታል። ያልተረዱት ሽማግሌውን ነው። ሽማግሌው የመሬቱን ካሳ አልጠየቁም፤ የጠየቁት ያልዘሩትን የሁለት ክረምት እህል ነው። በዚያው በአሜሪካ ሕግ እንኳ አንድ ሰው ስለ ደረሰበት ያለፈ ጉዳት ገንዘብ እስከ ጠየቀ ድረስ፣ ጉዳቱን ያመጣው ነገር ስለ ቆመ ብቻ ጉዳዩ አይሞትም። ችካሉ ተነቅሏል፤ ባዶ የቀረው ጎተራ ግን በችካሉ መነቀል አልሞላም። የእኛ ሕግ እንዲህ ያለ ቃል የለውም፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ግን ከሳሽ የሚሆነው በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው መሆኑን ይናገራል። ጎተራው ከጐደለበት ሰው የበለጠ ጥቅም ያለው ማን ይገኛል? ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ስለሚለቀቅበት ሁኔታ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161ም የአቤቱታ ሰሚ አካልና የይግባኝ ጉባኤ እንዲኖር አድርጓል። ለሁለት ክረምት ታግዶ ስለ ተመለሰ መሬት ካሳ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ነገር፣ እኛ እንደሚመስለን፣ ይገባል የሚያሰኝ ነው፤ አይገባም የሚል ሕግ ዐዋቂ ሊኖር እንደሚችልም እናምናለን። አከራካሪ ማለት ይህ ነው። የሚሰማው አካል ደግሞ በሕግ ተሰይሟል።

ይህን ሁሉ ለጓደኛችን በተናገርን ጊዜ አለቃው ቀና ብለው አዩንና «እናንተ ጋዜጠኞች ለቃል ትሞታላችሁ» አሉ። ቀጥለው ግን ፋይሉ ይዘጋ አላሉም። ጓደኛችንም ወረቀት አወጣና ለመሐንዲሶቹ በአማርኛ ጻፈ፤ ቀርቷል ያላችሁት የመሬቱ ካሳ ነው ወይስ በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ክረምት ሳይዘራ የቀረው ሰብል ግምት ጭምር ነው፤ ለይታችሁ ግለጹልን የሚል ነው። ግልባጩ ለአቤቱታ ሰሚው አካል እንዲደርስ አደረገ።

ሽማግሌው ደብዳቤው ከመታተሙ በፊት እንዲነበብላቸው ጠየቁ። ጓደኛችን ከራስጌው እስከ ግርጌው አነበበላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሲሰሙ ቈዩና፣ «ያች ቃል የለችበትም?» አሉ።

«የለችበትም አባቴ።»

«እንግዲያስ ማኅተሙን ምታበት» አሉና በትራቸውን ከደጃፉ አነሡ።